ቀኑ በውል ያልታወቀ መረጃን በዳታቤዝ ውስጥ የመያዝ አሠራር

«ሰነዱ ‹በ1985 ገደማ› ይላል፤ ዳታቤዙ ግን ዓመት፣ ወርና ቀን ካልሞላሁለት አልመዘግብም ይለኛል። ምን ልሙላ?» የሚል ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ናቸው፤ አንዱ የቆዩ ደብዳቤዎችን ይመዘግባል፣ ሌላዋ ሕሙማን «ሕመሙ የጀመረኝ ባለፈው ወር ነው» ሲሏት የምትሞላው ቅጽ አላት፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ መሣሪያ በሁለት ፍተሻዎች መካከል መበላሸቱን እንጂ የተበላሸበትን ደቂቃ ማወቅ አይችልም። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ስለሆነ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ምንጩ ያልሰጠዎትን ቀን አይፍጠሩ። ክስተቱ ሊሆን የሚችልበትን የጊዜ ክልል በሁለት ወሰኖች ይመዝግቡ፤ የምንጩን ቃል እንዳለ ከጎኑ ያስቀምጡ፤ መጠይቅ (ከዳታቤዙ መረጃ የሚያወጣ ትእዛዝ) ሲጽፉም «በእርግጥ በዚህ ጊዜ የሆኑት» እና «በዚህ ጊዜ ሊሆኑ የሚችሉት» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለይተው ይጠይቁ። ቀሪው የዝርዝር ሥራ ነው፤ ስሕተት የሚፈጠረውም በአብዛኛው በዝርዝሩ ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቀን ዓይነት ያለው ማንኛውም ዳታቤዝ። ፖስትግሬኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ9.2 እትሙ ጀምሮ የጊዜ ክልልን እንደ አንድ ዋጋ የሚይዝ የራሱ ዓይነት ስላለው ሥራውን ያቀልልዎታል፤ ሌሎቹ ላይ ሁለት የቀን አምዶች ይበቃሉ። ኤስኪውላይት የተለየ የቀን ዓይነት ስለሌለው ቀኑን እንደ ጽሑፍ በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል ይይዙታል።
- ከራስዎ መረጃ የተወሰዱ፣ ቀናቸው የሚያስቸግር ቢያንስ ሠላሳ ያህል እውነተኛ መዝገቦች። ያለ እነሱ የሚነደፍ ሠንጠረዥ ሥራ ሲጀመር መፍረሱ አይቀርም።
- መረጃውን የሚያውቅ ሰው። «ገደማ» ሲባል ስንት ዓመት ወዲያና ወዲህ እንደሆነ ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን ሊወስነው አይገባም።
- ውሳኔዎቹ የሚጻፉበት አጭር የደንብ ሰነድ።
- በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ የሚቀይሩ ከሆነ የተሟላና መመለሱ የተፈተነ ቅጂ።

ደረጃ 1፦ ያልታወቀው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

እነዚያን ሠላሳ መዝገቦች ያውጡና እያንዳንዱን ከሚከተሉት በአንዱ ሥር ይመድቡ፤ አያያዛቸው ስለሚለያይ ይህን ደረጃ መዝለል አይቻልም።

ሀ. ቀኑ ትክክል ነው፣ ግን ዝርዝሩ ጎድሏል፦ «1998» ወይም «1998፣ ማርች»።
ለ. ቀኑ ግምት ነው፦ «በ1985 ገደማ»።
ሐ. በአንድ በኩል ብቻ ታውቋል፦ «ከ1985 በፊት»፣ «ከጦርነቱ በኋላ»።
መ. ከጥቂት አማራጮች አንዱ ነው፦ «03/04/2005» ተብሎ የተጻፈ ቀን፣ የአጻጻፉ ልማድ ካልታወቀ፣ ማርች 4 ወይም ኤፕሪል 3 ሊሆን ይችላል።
ሠ. ጨርሶ አልታወቀም።

ከእነዚህ የተለየ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ብዙዎች ከእነዚህ ጋር ያምታቱታል። ምንጩ «ሜይ 12 ቀን 1998» ብሎ በግልጽ ጽፎ ሳለ ምንጩ ራሱ የማይታመን ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቀኑ ጠባብ ነው፤ ጥርጣሬው በምንጩ ላይ ነው። ስለዚህ የክልሉን ስፋትና በምንጩ ላይ ያለዎትን እምነት በተለያዩ አምዶች ይያዙ። ምንጩን ስለተጠራጠሩ ብቻ ክልሉን ማስፋት የለብዎትም፤ ካሰፉት በኋላ የቱ መዝገብ ዝርዝር እንደጎደለው፣ የቱ ደግሞ እንዳልታመነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ደረጃ 2፦ የምንጩን ቃል እንዳለ የሚይዝ አምድ ይክፈቱ

«የምንጩ_ቃል» የሚባል የጽሑፍ አምድ ይፍጠሩ፤ «በስልሳዎቹ አጋማሽ»፣ «ካለፈው ሳምንት ወዲህ»፣ «03/04/2005» የሚሉትን እንደተገኙ ይጻፉበት። ከተመዘገበ በኋላ አይቀየርም። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚያስገቡት ወሰን ሁሉ ትርጓሜ ነው፤ ትርጓሜው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ የሚመለሱበት ብቸኛ ቦታ ይህ አምድ ነው። «ባለፈው ሳምንት» ለሚሉ አነጋገሮች ደግሞ ቃሉ የተነገረበትን ቀን አብረው ካልመዘገቡ ጽሑፉ ዋጋ የለውም።

መረጃውን ከሌሎች ተቋማት ጋር የሚለዋወጡ ከሆነ በአይኤስኦ 8601 (የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሁለተኛ ክፍል፣ በ2019 የወጣውን የተራዘመ የቀን አጻጻፍ በተጨማሪ አምድ ይያዙ። በዚያ አጻጻፍ «1984?» ዓመቱ አጠራጣሪ መሆኑን፣ «1984~» ግምት መሆኑን፣ «1984%» ሁለቱንም ያመለክታል፤ ያልታወቀ አሃዝ ባለበት ቦታ ኤክስ ፊደል ይገባል። «1985/..» ሲባል መጨረሻው ክፍት ነው፤ «1985/» ሲባል ግን መጨረሻ አለው፣ አልታወቀም ማለት ነው። ይህ አጻጻፍ ለመለዋወጥና ለሰው ንባብ ምቹ ነው። ዳታቤዙ በቀጥታ ሊያነጻጽረውና ሊደረድረው ስለማይችል ግን የሚቀጥለውን ደረጃ አይተካም።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ቀን በሁለት ወሰን ይግለጹ

«መነሻ» እና «ገደብ» የሚባሉ ሁለት የቀን አምዶች ይፍጠሩ። መነሻው ክስተቱ ሊሆን የሚችልበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ራሱም ይካተታል። ገደቡ ክስተቱ ከእንግዲህ ሊሆን የማይችልበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ስለዚህ አይካተትም። ምሳሌዎቹ፣ ሁሉም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ እነሆ፦

- «1998» → መነሻ 1998-01-01፣ ገደብ 1999-01-01
- «1998፣ ፌብሩዋሪ» → መነሻ 1998-02-01፣ ገደብ 1998-03-01
- «1990ዎቹ» → መነሻ 1990-01-01፣ ገደብ 2000-01-01
- «ከ1985 በፊት» → መነሻ ባዶ፣ ገደብ 1985-01-01
- «ሜይ 14 ቀን 2001» → መነሻ 2001-05-14፣ ገደብ 2001-05-15

የመጨረሻው ምሳሌ እንደሚያሳየው በትክክል የታወቀ ቀንም የአንድ ቀን ስፋት ያለው ክልል ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም መዝገብ በአንድ ዓይነት መጠይቅ ይፈለጋል። ገደቡን የማናካትተው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፌብሩዋሪ 28 ነው ወይስ 29 የሚያልቀው ብለው ማስላት አያስፈልግዎትም። ሁለተኛ፣ 1998 የሚያበቃበትና 1999 የሚጀምርበት ነጥብ አንድ ስለሚሆን በመካከላቸው ክፍተትም መደራረብም አይኖርም። ሦስተኛ፣ ነገ ቀኑን ወደ ሰዓት ዝርዝር ቢያወርዱት መጠይቁ አይበላሽም፤ ገደቡን 1998-12-31 ብለው ቢይዙት ግን ሰዓት በተጨመረበት ዕለት ይህ ዋጋ እኩለ ሌሊት ተብሎ ይተረጎምና የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከነሙሉ ሰዓቱ ይጠፋል። ፖስትግሬኤስኪውኤልም የቀን ክልልን ሲያስቀምጥ በራሱ ወደዚህ መልክ ይለውጠዋል።

መነሻው ሁልጊዜ ከገደቡ የሚያንስ መሆኑን የሚፈትሽ ማረጋገጫ በሠንጠረዡ ላይ ያኑሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ በኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠይቅ የሚጻፍበት ቋንቋ) ሕግ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ ውጤቱ «ያልታወቀ» ሲሆን መዝገቡን ያሳልፈዋል፤ የሚከለክለው ውጤቱ «ሐሰት» ሲሆን ብቻ ነው። ከሁለቱ ወሰኖች አንዱ ባዶ ከሆነ ማረጋገጫው ምንም አይከላከልልዎትም ማለት ነው። ባዶ ወሰን መቼ እንደሚፈቀድ የሚወስነው በደረጃ 5 የምናየው የሁኔታ አምድ ስለሆነ ሁለቱን የሚያስተሳስር ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጻፉ።

በአማራጮች ለታጠረ ቀን አንድ ክልል አይበቃም። «03/04/2005»ን ከማርች 4 እስከ ኤፕሪል 3 ባለ አንድ ክልል ቢይዙት ክስተቱ ሊሆንባቸው የማይችሉ 29 ቀናትን አብረው ያስገባሉ። እነዚህን አማራጮች በሌላ ሠንጠረዥ፣ ለእያንዳንዱ አማራጭ አንድ ረድፍ መድበው ይያዙ፤ ፖስትግሬኤስኪውኤል 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ደግሞ ብዙ ክልሎችን በአንድ አምድ የሚይዝ ዓይነት አላቸው።

በሌላ የዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ዓመትም በዚሁ መንገድ ክልል ይሆናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. ብቻ ተብሎ የተጻፈ መዝገብ በጎርጎርዮሳዊው መነሻው 1974-09-11፣ ገደቡ 1975-09-12 ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ደምሮ «1974» ወይም «1975» ብሎ መጻፍ በሁለቱም በኩል የተሳሳቱ ወራትን ያስገባል፣ ትክክለኞቹንም ያስወጣል። ከጁልየስ አቆጣጠር የሚመጡ ቀኖችም ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ብሪታንያ በ1752፣ ሩሲያ በ1918 ከእሱ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ስለቀየሩ ያው ቀን በሁለቱ አገሮች ሰነዶች ላይ የተለያየ ቀን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፖስትግሬኤስኪውኤል የጎርጎርዮሳዊውን ሕግ ወደኋላም ስለሚሠራበት ይህን ልዩነት በራሱ አያውቅም። ለውጡን እርስዎ ያድርጉና የመጀመሪያውን አቆጣጠር ስም በአንድ አምድ ይያዙ።

ደረጃ 4፦ ለ«ገደማ» ቋሚ ደንብ ያውጡ

«ገደማ» የሚለውን አንዱ መዝጋቢ ሁለት ዓመት፣ ሌላው አሥር ዓመት አድርጎ ከተረጎመው ክልሎቹ እርስ በርስ ሊነጻጸሩ አይችሉም። መረጃውን ከሚያውቀው ሰው ጋር ይቀመጡና «ገደማ» ከዓመት ጋር ሲመጣ ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ፣ «አጋማሽ» ከአሥር ዓመት ጋር ሲመጣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት፣ ወዘተ ብላችሁ ጻፉ። በዚህ ደንብ «በ1985 ገደማ» መነሻው 1983-01-01፣ ገደቡ 1988-01-01 ይሆናል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የእርስዎ መረጃ ሌላ ስፋት ሊጠይቅ ይችላል። ለደንቡ ቁጥር ይስጡትና ክልሉ በየትኛው ደንብ እንደተሰላ የሚናገር አምድ ይጨምሩ። ደንቡ ሲሻሻል በድሮው ደንብ የተሠሩትን ብቻ ለይተው ከ«የምንጩ_ቃል» እንደገና ማስላት ይችላሉ።

የወቅት ስሞችን ሲተረጉሙ በጋና ክረምት በሰሜንና በደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚገለባበጡ መሆናቸውን አይርሱ።

ደረጃ 5፦ ባዶነትን በምክንያቱ ይለዩ

ቀን የሌለበት ረድፍ ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ሊል ይችላል፦ ሆኗል፣ ግን መቼ እንደሆነ አልታወቀም፤ ገና አልሆነም፤ ለዚህ መዝገብ አይመለከተውም፤ ማንም አልጠየቀም። ዳታቤዙ ግን ለአራቱም ያው ባዶ ዋጋ፣ ማለትም ነል ነው የሚያሳይዎት። በሕይወት ያለ ሰውና የሞተበት ቀን ያልታወቀ ሰው በአንድ ዓይነት ባዶነት ከተያዙ በሕይወት ያሉትን የሚቆጥር መጠይቅ ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ «የቀኑ_ሁኔታ» የሚባል፣ ከተወሰኑ ዋጋዎች ውጭ የማይቀበልና ራሱ ባዶ መሆን የማይፈቀድለት አምድ ይፍጠሩ፦ «ታውቋል»፣ «በከፊል ታውቋል»፣ «አልታወቀም»፣ «ገና አልሆነም»፣ «አይመለከተውም»፣ «አልተጠየቀም»።

ማስጠንቀቂያ፦ ባዶውን ለመሸሽ ብለው 1900-01-01 ወይም 9999-12-31 አይሙሉ። እነዚህ ለዳታቤዙ እንደማንኛውም ቀን እውነተኛ ቀኖች ስለሆኑ አማካይ ዕድሜ ሲሰላ፣ ረጅሙ ቆይታ ሲፈለግ፣ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ሲሠራ በዝምታ ይገባሉ። ማይኤስኪውኤል አሠራሩ ላላ ተደርጎ ከተዘጋጀ «1998-00-00» ያለ ቀን ሊቀበል ይችላል፤ ሆኖም ሌሎች ዳታቤዞችና የፕሮግራም ቋንቋዎች ይህን ቀን ነው ብለው ስለማይቀበሉት መረጃው የሚንቀሳቀስበት ዕለት ችግሩ ይፈነዳል።

ደረጃ 6፦ ቆይታ ላላቸው ነገሮች አራት ወሰን ይጠቀሙ

ደብዳቤ የተጻፈው በአንድ ቀን ነው፤ የሥራ ዘመን፣ ሕመም ወይም ውል ግን መጀመሪያም መጨረሻም አለው፣ ሁለቱም አጠራጣሪ ሊሆኑ ይችላሉ። «በ2003 ገባ፣ በ2007 ለቀቀ» የሚል መዝገብ ለመግቢያው አንድ ክልል፣ ለመልቀቂያው ሌላ ክልል፣ በድምሩ አራት አምድ ይፈልጋል።

ከአራቱ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ይወጣሉ። ሰውየው በሥራ ላይ ሊሆን የሚችልበት ሰፊው ጊዜ ከ2003-01-01 እስከ 2008-01-01 ነው፤ በእርግጥ በሥራ ላይ የነበረበት ጠባቡ ጊዜ ደግሞ ከ2004-01-01 እስከ 2007-01-01 ነው። አገልግሎቱም ከሦስት ዓመት አያንስም፣ ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ሪፖርት ላይ «አራት ዓመት» ብሎ መጻፍ የሁለቱ አማካይ እንጂ የታወቀ ነገር አይደለም።

መግቢያውም መልቀቂያውም «2005» ቢሆን ጠባቡ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ መነሻው ከገደቡ ይበልጣልና። ፖስትግሬኤስኪውኤል ላይ እንዲህ ያለውን ክልል ለመፍጠር ቢሞክሩ መጠይቁ ስሕተት ሰጥቶ ይቆማል። ክልሉን ከመፍጠርዎ በፊት መነሻው ከገደቡ ማነሱን የሚፈትሽ ሁኔታ ያስቀድሙ።

ደረጃ 7፦ እያንዳንዱን መጠይቅ በሁለት ይጻፉ

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚታየው እዚህ ነው። «በ1998 የተጻፉ ደብዳቤዎች የትኞቹ ናቸው?» የሚለው ጥያቄ አጠራጣሪ ቀን ባለበት መረጃ ላይ አንድ ጥያቄ አይደለም። የመጠይቁ መነሻ 1998-01-01፣ የመጠይቁ ገደብ 1999-01-01 ከሆነ ሁለቱ መልኮች እንዲህ ይጻፋሉ፦

በእርግጥ፦ መነሻ ≥ የመጠይቁ መነሻ፣ እና ገደብ ≤ የመጠይቁ ገደብ።

ሊሆን ይችላል፦ (መነሻ ባዶ ነው፣ ወይም መነሻ < የመጠይቁ ገደብ)፣ እና (ገደብ ባዶ ነው፣ ወይም ገደብ > የመጠይቁ መነሻ)።

አራት ደብዳቤዎች እንውሰድ። ሀ «1998፣ ማርች»፤ ለ «ከ1997 እስከ 1999 ባለው ጊዜ»፤ ሐ «1998»፤ መ «ሜይ 14 ቀን 2001»። በእርግጥ በ1998 የተጻፉት ሀ እና ሐ ናቸው። በ1998 የተጻፉ ሊሆኑ የሚችሉት ሀ፣ ለ እና ሐ ናቸው። ስለዚህ «ስንት ደብዳቤ አለ?» ሲባል ትክክለኛው መልስ «ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 3» ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም። ስለ ደብዳቤ ሐ ልብ ይበሉ፦ ወሩ አይታወቅም፣ ለዓመት ጥያቄ ግን እርግጠኛ ነው። አጠራጣሪነት በመዝገቡ ላይ የተለጠፈ ቋሚ ባሕርይ አይደለም፤ ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር ይቀያየራል። በዚህም ምክንያት ነው «አጠራጣሪ ነው/አይደለም» የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ አምድ ብቻውን በቂ የማይሆነው።

አሉታዊ ጥያቄ ሲመጣ ይበልጥ ይጠንቀቁ። «በ1998 በእርግጥ ያልተጻፉ» ማለት «ሊሆን ይችላል» ከሚለው ውጭ ያሉት ናቸው፤ እነሱም መ ብቻ። «በ1998 ላይጻፉ የሚችሉ» ማለት ደግሞ «በእርግጥ» ከሚለው ውጭ ያሉት ናቸው፤ እነሱም ለ እና መ። ሁለቱን ማምታታት በብዛት የማየው ስሕተት ነው፤ ውጤቱም አሳማኝ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከባዶ ዋጋ ጋር የሚደረግ ንጽጽር ውጤቱ «እውነት»ም «ሐሰት»ም ሳይሆን «ያልታወቀ» ነው፤ መጠይቅ ደግሞ «እውነት» የሆነውን ረድፍ ብቻ ያወጣል። መነሻው ባዶ የሆነው «ከ1985 በፊት» የሚለው መዝገብ «በእርግጥ በ1984 የተጻፈ» ሲባል አይወጣም፤ ይህ ትክክል ነው። ሁኔታውን በአሉታ ገልብጠው «በእርግጥ በ1984 ያልሆኑትን» ሲጠይቁም ግን እንደገና አይወጣም፤ የ«ያልታወቀ» ተቃራኒ ያው «ያልታወቀ» ነውና። መዝገቡ ከሁለቱም ዝርዝር ይጠፋል ማለት ነው። መፍትሔው ባዶውን በግልጽ መጥቀስ፣ ወይም ፖስትግሬኤስኪውኤል ላይ ከሆኑ ክፍት ወሰን በሚያውቀው የክልል ዓይነት መጠቀም ነው።

ሁለቱም ወሰኖቹ ባዶ የሆኑ መዝገቦች «ሊሆን ይችላል» በሚለው መጠይቅ ሁልጊዜ ይወጣሉ። ለ«አልታወቀም» ይህ ትክክል ነው፤ ለ«አይመለከተውም» እና ላለፈ ጊዜ ጥያቄ «ገና አልሆነም» ለሚሉት ግን ስሕተት ነው። በሁኔታው አምድ ያጣሯቸው።

መዝገቦቹ ብዙ ከሆኑ ፖስትግሬኤስኪውኤል ላይ በክልሉ አምድ ላይ ጂስት የተባለውን ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ይሥሩ፤ ተራው ኢንዴክስ ለመደራረብ ፍለጋ እምብዛም አይረዳም።

ደረጃ 8፦ ቅደም ተከተልና የጊዜ ልዩነት

አንዱ ክስተት ከሌላው በእርግጥ ይቀድማል የሚባለው የቀዳሚው ገደብ ከተከታዩ መነሻ ሲያንስ ወይም እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ክልሎቹ ከተደራረቡ ቅደም ተከተሉ አይታወቅም። «አይታወቅም» የሚለውን «እኩል ናቸው» ብሎ መተርጎም ግን አይቻልም። ሀ ከ1990 እስከ 1994፣ ለ ከ1993 እስከ 1999፣ ሐ ከ1996 እስከ 2000 ቢሆኑ ሀ እና ለ፣ ለ እና ሐ አይለዩም፤ ሀ ግን በእርግጥ ከሐ ይቀድማል። ያልታወቀውን እኩል አድርጎ የሚደረድር ፕሮግራም በዚህ ላይ ሲሠራ በየጊዜው የተለያየ ድርድር ያወጣል። ለዝርዝር ማሳያ በመነሻ፣ ከዚያም በገደብ ይደርድሩ፤ ከረድፉ ጎንም ክልሉን ያሳዩ።

የጊዜ ልዩነት ሲያሰሉ በክልሎቹ ውስጥ የማይታይ ግንኙነት መኖሩን ይመርምሩ። ዕቃ የደረሰበት ቀን ከወሩ 1 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው እንበል፤ ፍተሻው የተደረገው ዕቃው በደረሰ በ10ኛው ቀን መሆኑ ግን የታወቀ ነው። ፍተሻውን ከ11 እስከ 30 ባለ ክልል ብቻ ካስቀመጡት ዳታቤዙ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0 በታችም ከ20 ቀን በላይም ሊሆን እንደሚችል ይነግርዎታል፤ የሚያውቁት እርግጠኛ ነገር ጠፍቷል። የታወቀውን ልዩነት በራሱ አምድ ይመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ሁለት ምንጮች ስለ አንድ ክስተት ሲናገሩ

አንዱ ምንጭ «ከ1990 እስከ 1995»፣ ሌላው «ከ1993 በኋላ» ካለ የጋራው ክልል 1994 እና 1995 ነው። የእያንዳንዱን ምንጭ ክልል በተለየ ረድፍ ይያዙ፤ የጋራውን ግን ከእነሱ አስልተው ያውጡት እንጂ በላያቸው አይጻፉ። ምክንያቱም አንደኛው ምንጭ ነገ ውድቅ ከተደረገ የጋራው ክልል እንደገና መስፋት አለበት። የጋራ ክልል ጨርሶ ከሌለ ምንጮቹ ተጋጭተዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱን የሚሸፍን ሰፊ ክልል አይሥሩ፣ ግጭቱን መዝግበው ለሚመለከተው ሰው ያሳዩ።

ክስተቱ የሆነበት ጊዜና እርስዎ የመዘገቡበት ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ያስታውሱ። የመጀመሪያው አጠራጣሪ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ዳታቤዙ ራሱ በትክክል ያውቀዋል። ወሰን በጠበበ ቁጥር የድሮው ዋጋ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 ጀምሮ፣ ማሪያዲቢ ደግሞ ከ10.3 ጀምሮ ይህን በራሳቸው የሚያደርጉ ሠንጠረዦች አሏቸው።

ደረጃ 10፦ ሰዓት ሲገባበት

ፍተሻው በ08:00 ደህና፣ በ09:00 ብልሹ ካገኘው መሣሪያው የተበላሸው በሁለቱ መካከል ነው። 09:00 የሚያመለክተው የታወቀበትን ሰዓት ስለሆነ ሁለቱን በተለያየ አምድ ይያዙ።

የሰዓት ቀጠናው ያልተጻፈ ሰዓት ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ቀጠናዎች ከዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 12 ሰዓት ከመዘግየት እስከ 14 ሰዓት ከመቅደም ስለሚደርሱ ቀጠናው ያልታወቀ አንድ ቀን በዩቲሲ ሲታይ 50 ሰዓት ይሸፍናል። ቀጠናው ቢታወቅ እንኳ ሰዓት ወደኋላ በሚመለስባቸው አገሮች አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ኖቬምበር 7 ቀን 2021 በኒውዮርክ 01:30 አንድ ጊዜ በ05:30፣ አንድ ጊዜ በ06:30 ዩቲሲ ሆኗል። ይህ የአማራጭ ጉዳይ ስለሆነ በሁለት ረድፍ ይያዛል። ፖስትግሬኤስኪውኤል ቀጠና ያለውን የሰዓት ዓይነት ሲያስቀምጥ ወደ ዩቲሲ ለውጦ የመጀመሪያውን ቀጠና ይጥለዋል፤ ቀጠናው ከፈለጉት በተለየ አምድ ይጻፉት።

የኮምፒውተር ሰዓቶችም እርስ በርስ ፍጹም አይስማሙም። የጉግል ስፓነር ዳታቤዝ «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በውስጡ የሚሰጠው መልስ አንድ ነጥብ ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ያለው ክልል ነው። ከተለያዩ ማሽኖች የመጡ መዝገቦችን በሚሊሰከንድ ልዩነት የሚያስቀድሙ ከሆነ እርስዎም በዚያው መንገድ ማሰብ ይኖርብዎታል።

ደረጃ 11፦ አሮጌውን መረጃ ያጥሩ

በአሮጌው ሠንጠረዥ ላይ የተፈጠሩ ቀኖች መኖራቸውን ለማወቅ መዝገቦቹን በወርና በቀን ብቻ፣ ዓመቱን ትተው፣ ይቁጠሩ። በ10,000 መዝገቦች ውስጥ አንድ ቀን በአማካይ 27 ያህል ይደርሰዋል። ጃንዋሪ 1 ላይ 1,900 ካገኙ አብዛኞቹ «ዓመቱ ብቻ ታውቋል» ለማለት የተሞሉ ናቸው። በየወሩ 1ኛ ወይም 15ኛ ቀን ላይ ክምችት ካለ ወሩ ብቻ የታወቀባቸው ናቸው። 1970-01-01 ብዙ ጊዜ ከዜሮ የተለወጠ ባዶ ዋጋ ነው፤ ወደ ምዕራብ በሚገኙ ቀጠናዎች 1969-12-31 ሆኖም ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ክምችቱን ስላገኙ ብቻ ሁሉንም የጃንዋሪ 1 መዝገቦች ወደ ሙሉ ዓመት ክልል አይለውጡ፤ በእውነት ጃንዋሪ 1 የሆኑም አሉባቸው። ዋናውን ሰነድ ማየት የሚቻለውን ይዩ፤ ለማይቻለው ክልሉን ያስፉና የመጀመሪያውን ዋጋ በ«የምንጩ_ቃል» ያኑሩ።

ደረጃ 12፦ ከመክፈትዎ በፊት ይፈትኑ

ቢያንስ እነዚህን መዝገቦች ያስገቡ፦ በትክክል የታወቀ ቀን፤ ዓመት ብቻ፤ መነሻው ክፍት የሆነ፤ ገደቡ ክፍት የሆነ፤ ሁለት አማራጭ ያለው፤ በየሁኔታው ባዶ የሆነ። ከዚያም «በእርግጥ»፣ «ሊሆን ይችላል» እና የሁለቱን አሉታ ይጠይቁ። እያንዳንዱ መዝገብ ወይ በአንድ ጥያቄ ወይ በአሉታው መገኘት አለበት፤ ከሁለቱም የጠፋ ካለ ባዶ ዋጋ ያልተያዘበት ቦታ አለ። የመሙያ ቅጹንም አብረው ይፈትኑ፤ ተጠቃሚው ዓመት ብቻ ጽፎ ማለፍ ካልቻለ ሠንጠረዡ የቱንም ያህል ቢስተካከል ጃንዋሪ 1 ተመልሶ ይመጣል።

የተለመዱ ስሕተቶች

- የክልሉን መካከለኛ ቀን አስልቶ በእሱ ማጣራት። መካከለኛው ቀን ለሥዕላዊ ማሳያ ሊያገለግል ይችላል፤ በመጠይቅ ሁኔታ ውስጥ ከገባ ግን የተፈጠረ ቀን ነው።
- አንድን አጠራጣሪ መዝገብ ሊገኝባቸው በሚችሉ ዓመታት ሁሉ ቆጥሮ የዓመታቱን ድምር እንደ ጠቅላላ ቁጥር ማቅረብ። ከ1997 እስከ 1999 ያለው አንድ ደብዳቤ በዚህ አቆጣጠር ሦስት ይሆናል።
- «ክልሉ ውስጥ ያለ ቀን ሁሉ እኩል ዕድል አለው» ብሎ ማስላት። ወሰኖቹ የሚናገሩት ስለሚቻለውና ስለማይቻለው ብቻ ነው፤ ስለ ዕድል የሚናገር ማስረጃ ከሌለዎት መቶኛ አይጻፉ።
- ዕድሜን በአንድ ቁጥር ማውጣት። በ1950 የተወለደ ሰው ማርች 10 ቀን 2001 ላይ 50 ወይም 51 ዓመቱ ነው፤ ቅጹ አንድ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ የትኛው እንደተመረጠ በደንቡ ሰነድ ላይ ይጻፍ።
- ወደ ኤክሴል ሲያወጡ መነሻውን ብቻ ማውጣት። ተቀባዩ 1998-01-01 የሚለውን ሲያይ ዓመቱ ብቻ መታወቁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ መነሻ፣ ገደብና የምንጩ ቃል ምንጊዜም አብረው ይውጡ።